ጥያቄ ምልክት ብቻ የታተመበት ወረቀት

ጽጌሬዳ አባይነህ ቁጭ ብላ ሰው ስታዳምጥ እንኳ የቀኝ እጇ ጣቶች አንዳች ነገር ይዘው ለመሰካት የተዘጋጁ ይመስላሉ። አሥራ አራት ዓመት ስልክ ቤት ሠርታለች። ያኔ ጠሪውን በአንድ ገመድ ትቀበለዋለች፣ የሚፈልገውን ቁጥር ደግማ ትጠይቀዋለች፣ እሱ «አዎን» እስኪል ድረስ ሁለተኛውን ገመድ ቀዳዳው አፍ ላይ አድርሳ ትጠብቃለች። «አዎን» ሲል ወዲያው ትሰካዋለች። ሐኪም ጋራ ሥር ቤት የሠሩት ጡረተኛ ወታደር አባቷ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «የኔ ልጅ ገና ሳይጠሯት አገናኝታ ትጨርሳለች» እያሉ ይኩራሩባት ነበር።

ስልኩ በራሱ የሚደውል ሲሆን ሥራዋ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. ከሐረር ግንብ ውጭ ወዳለው የካድሬዎች ማሠልጠኛ አዛወሯት። እዚያ የጠበቃት ሥራ ከድሮው ብዙም የራቀ አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ከፍታው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ የብረት ሳጥን ነው። የአዳራሹ ማይክሮፎን፣ ካሜራው፣ ቪዲዮውና ራዲዮው በጀርባው ይገባሉ፤ ከዚያ ወደየክፍሉ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ይወጣሉ። የትኛው ወደየት እንደሚሄድ ግን በእጅ አይሰካም። አንድ ቀጭን ሽቦ ሳጥኑን ታይፕ ከመሰለ መጻፊያ ጋር ያገናኘዋል፤ ትእዛዙ በፈረንጅ ፊደልና በቁጥር ይጻፋል። መጀመሪያ «ኤክስ»፣ ቀጥሎ የመነሻው ቁጥር፣ ኮማ፣ ከዚያ የመድረሻው ቁጥር። በመጨረሻ በስተቀኝ ዳር ያለውን ሰፊ ቁልፍ መጫን ነው። ጽጌሬዳ ይህን ቁልፍ «መላኪያው» ትለዋለች።

መላኪያው እስኪጫን ሳጥኑ የተጻፈለትን ይዞ ዝም ይላል። ሲጫን ይፈጽምና ከጎኑ ባለው ማተሚያ ትእዛዙንና «ኦኬ» የሚል መልሱን ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ባዶ ወይም ያልገባው ነገር ከተላከለት ደግሞ አንዲት ጥያቄ ምልክት ያትማል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ሲጠየቅ ቁጥሮቹን ያትማል፤ ከዚህ ሌላ ንግግር አያውቅም።

ጽጌሬዳ የድሮ ልማዷን ወደዚህም ይዛው መጣች። የሚቀጥለውን ትእዛዝ አስቀድማ ትጽፍና መላኪያውን ብቻ ትተወዋለች። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ጣት ይበቃል። ኃላፊዎቹ «ገና ሳንናገር ድምፁ ይደርሳል» እያሉ ያደንቋታል፤ እሷም ደስ ይላታል።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ጓድ ለገሠ የቀድሞ አሥር አለቃ ነው። አቧራና ዝርክርክነት አይወድም። በየቢሮው ግድግዳ ላይ በራሱ እጅ «ከመሣሪያ ሲነሡ ይሸፍኑ» ብሎ ጽፎ ለጥፏል። ግምጃ ቤቱ ጨርቅ የለኝም ሲል ጽጌሬዳ ለመጻፊያው ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፤ ቤቷ ያለው ራዲዮ የለበሰውን ዓይነት። ከሐኪም ጋራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በመስኮት እየገባ ጨርቁን ስለሚገልጠው፣ በዳርና ዳሩ ከበድ ከበድ ያሉ የመስታወት ዶቃዎች ሰፋችበት። ጓድ ለገሠ በስብሰባ ላይ ዳንቴሉን ከፍ አድርጎ አሳይቶ፣ «ንብረት መውደድ ማለት እንዲህ ነው!» አለ። አስጨበጨበላት።

በጥቅምት 1979 አንድ ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ለዝግ ስብሰባ ተያዘ። ከክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶች ለብሔራዊ ውትድርና የሚወሰዱ ወጣቶችን ስም በየቀበሌው ያጣራሉ። ቃለ ጉባኤው በቴፕ ስለሚቀዳ ማይክሮፎኑ ክፍት ነው፤ ድምፁ ግን ከመቅጃው ክፍል በቀር የትም አይሄድም። ስብሰባው ሲያልቅ ጓድ ለገሠ ለሠራተኛው ሰላምታ ስለሚያደርግ፣ ያን ጊዜ የአዳራሹ ድምፅ ለሻይ ክበቡ እንዲሰማ አዟል። ጽጌሬዳም እንደ ልማዷ አስቀድማ ጻፈችው፦ ኤክስ፣ አንድ፣ ኮማ፣ ስምንት። አንድ አዳራሹ ነው፤ ስምንት ክበቡ። መላኪያውን ተወችው።

ወዲያው ጓድ ለገሠ በሩን በረገደው።

«ጽጌሬዳ! ከአዲስ አበባ ደውለው ቢሮዬ መስመሩ ይንጫጫል። አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ቶሎ በይ!»

ብድግ ብላ ሮጠች። ከኋላዋ «መቼ ነው የምትማሩት እናንተ ሰዎች» ብሎ ሲያጉረመርም ሰማችው። በመዘግየቷ የተቆጣት መሰላት።

ስልኩን አስተካክላ፣ መስመሩን ይዛ፣ ጓድ ለገሠ ተከትሏት መጥቶ ተነጋግሮ እስኪጨርስ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትመለስ ዳንቴሉ ተጣጥፎ ሳጥኑ ራስ ላይ ተቀምጧል። ማተሚያው ውስጥ ያለው ወረቀት ከሥሩ ተቀዶ ባዶ ሆኗል። ገና «ይህን ማን ነካው?» ብላ ሳትጨርስ የክበቡ ሻይ አፍይ ማርታ ሽርጧን ይዛ እየሮጠች ገባች።

«አንቺ! አዳራሹ እኛ ቤት ይናገራል እኮ! ስም እየጠራ ነው! ሰው ሁሉ ስኒውን እያስቀመጠ ወጣ!»

ጽጌሬዳ ሳጥኑን ጠየቀችው። አንድ ከስምንት ጋር ተገናኝቷል። ቆረጠችው። ግን የሦስት ቀበሌ ወጣቶች ስም ተነቦ አልቋል። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዮት ጥበቃዎች በየቤቱ ሲሄዱ ከተጠሩት ግማሹ አልተገኘም።

ጓድ ለገሠ ከማተሚያው ላይ ያለችውን የእጅ መዳፍ የምታህል ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠለጠላት።

«እዚህ ላይ መጠየቅሽና መቁረጥሽ ብቻ ነው ያለው። የከፈተው ትእዛዝ የታለ?»

«ስመለስ ተቀዶ ነው ያገኘሁት ጓድ።»

«ማን ቀደደው? አይጥ?»

«አላውቅም።»

«ትእዛዙን ማን ጻፈው?»

ዋሽታ አታውቅም። «እኔ ነኝ። ግን አልላክሁትም።»

«ጻፍሽው፣ አልላክሽውም፣ ራሱ ሄደ፣ ወረቀቱም ራሱ ተቀደደ።» ወረቀቷን ኪሱ ከተታት። «ሐሙስ ሦስት ሰዓት የደኅንነት ሰዎች ይመጣሉ። ያንን ወረቀት ይዘሽ ጠብቂ። ካልሆነ ከእነሱ ጋር ትሄጃለሽ።»

ከእነሱ ጋር የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን በሐረር የሚጠይቅ አልነበረም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጽጌሬዳ ሰውን በጎን ማየት ጀመረች። ወደዚያ ክፍል ያለ ፈቃድ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተላላኪው ጋሽ እንደሻው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሐኪም ጋራ የሚኖሩ ጎረቤቷ ናቸው። ጋቢያቸውን በሙቀትም አይጥሉም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋቢያቸው ሥር አንዳች ነገር አብጦ አይታለች፤ ያኔ ዳቦ መስሏት ነበር። አሁን ዳቦ አልመስል አላት። ረቡዕ ጠዋት መተላለፊያው ላይ ሲገናኙ እግዜር ይመስገን እንኳ ሳይሉ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው አወረዱ። «እሳቸው ናቸው» አለች በልቧ። «ከፈቱት፣ ወረቀቱን አጠፉት፣ እኔን ከተቱኝ።»

ክበብ ገብታ ስትቀመጥ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለት መምህራን ጨዋታቸውን ቀይረው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው ዝናቡንም ትተው ተነሡ። ማርታ ብቻ ሻይ ቀዳችላትና ከባንኮኒው ሥር የቀረፋ ጥቅል አውጥታ ፈታች። ጽጌሬዳ ዓይኗ ከጥቅሉ ላይ ቀረ። ነጭ ወረቀት ነው፤ በግራ ዳሩ ላይ ጥያቄ ምልክት ከሥር ከሥሩ ተደርድሯል።

«ማርታ፣ ይህን ቀረፋ ከማን ገዛሽ?»

«ምነው? ነቀዘ?»

«አልነቀዘም። ከማን ነው?»

«ጊደር መጋላ፣ ከፋጡማ። ኧረ አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ቀረፋም መመርመር ጀመርሽ?»

ሥራ እንደወጣች ግንቡን አልፋ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ወረደች። ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች፤ የሚከተላት አልነበረም፣ ወይም መከተል የሚችልበት ነው። ፋጡማ በእርድና በዝንጅብል ማዳበሪያዎች መካከል ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ንቁ ዓይን ያላት ሴት ናት። ከጀርባዋ ባለው ምሰሶ ምስማር ላይ ነጭ ወረቀት እንደ ስጋ ቋንጣ ተሰቅሏል።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ። ያንን ወረቀት ላየው እፈልጋለሁ።»

«እኔ ቅመም ነው የምሸጠው። ወረቀት የፈለገ ቀበሌ ይሂድ።»

«እዚያ የተሰቀለውን።»

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ማሠልጠኛው።»

የፋጡማ እጅ ሚዛኑ ላይ ቆመ። «ወላሂ ሐረር ጠባብ ነች፤ አንቺን ግን እዚህ ቅመም ስትገዢ አይቼሽ አላውቅም። ዛሬ ወረቀቱን አሳዪኝ፣ ነገ ደግሞ ማን አመጣልሽ ትዪኛለሽ። ሂጂ አቦ፣ ሰው ቆሞብኛል።»

የቆመ ሰው አልነበረም። ጽጌሬዳ እውነቱን ተናገረች። «ነገ ሦስት ሰዓት ያንን ወረቀት ካላሳየሁ ይወስዱኛል። ስሞቹን ለሕዝብ ያሰማሽ አንቺ ነሽ ብለውኛል።»

ፋጡማ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ቀሚሷን፣ ጫማዋን፣ አርፈው የማይቀመጡትን ጣቶቿን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእኔ ቤት የአንዱ ስም ተጠርቷል። አደም ወንድሜ። ሰምቶ የሮጠ ሰው ደርሶ ነገረን። አሁን የት እንዳለ አትጠይቂኝ» አለች።

«አልጠይቅሽም።»

«አንቺ ነሽ ያሰማሽው?»

«አይደለሁም።»

«ብትሆኚ ጥሩ ነበር» አለች ፋጡማ፤ ሳቅም አልሳቀችም። «ብትሆኚ አንድ ጥቅል ቀረፋ በነፃ ትወስጂ ነበር።» ተነሥታ ወረቀቱን ከምስማሩ አወረደችላት። «የእናንተ ሽማግሌ ነው ያመጣው፤ ባለ ጋቢው። አብሽ ሰጠሁት። ንጹሕ ወረቀት ነው፣ ዳሩ ላይ ይቺ ብቻ አለች። መሠረተ ትምህርት ስማር መጠየቂያ ነች ብለው አስተምረውኛል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ‹ይሄ ሰውዬ ምንድነው እንዲህ የሚጠይቀው?› ስል ዋልኩ። የተጻፈባትን የመጀመሪያዋን ቁራጭ አልጠቀለልኩባትም፤ ቅመም ላይ ቀለም ይለቃል።»

ጽጌሬዳ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ኤክስ፣ አንድ፣ ኮማ፣ ስምንት። ኦኬ። ከዚያ በታች ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት፤ የቁራጩ ጫፍ እስኪደርስ፣ በሌሎቹም ቁራጮች ላይ እንደዚያው። በጣቷ እየተከተለች ወረደች። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት አንድ ዓይነት ነው፤ አንድም የተሳሳተ ፊደል የለበትም። ይህ የሰው ጣት አይደለም። ሰው ይደክመዋል፣ ሌላ ቁልፍ ይነካል፣ ያስነጥሰዋል። መላኪያው ላይ አንድ ነገር ተቀምጦበት ነበር፤ ትንሽ፣ ከበድ ያለ፣ የማይደክም ነገር።

ዶቃዎቹ ትዝ አሏት። ዝንጅብሉ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ፋጡማ።

«ምንም። ጥያቄ ምልክት ብቻ ያለባቸውን ሁለት ቁራጭ ስጪኝ። ይቺ የመጀመሪያዋ እዚሁ ትቆይልኝ።»

«ለምን?»

«እጄ ላይ ካለች ይቀበሉኛል።»

ፋጡማ ቁራጯን አጣጥፋ ከማዳበሪያዎቹ በስተጀርባ አስገባቻት። «የት እንዳስቀመጥኳት እኔም ረስቻለሁ» አለች።

ጽጌሬዳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪም ጋራ ደረሰች። ጋሽ እንደሻው ደጃፋቸው ላይ ቆመው አጥር ያጠብቃሉ። ከእጇ ላይ ወረቀቱን ሲያዩ መዶሻቸውን መሬት ላይ አኖሩት።

«ጋሽ እንደሻው፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አየሽው አይደል? የመንግሥት ወረቀት ገበያ አወጣ ብለው ጡረታዬን እንዳይነኩብኝ ነው የፈራሁት ልጄ።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ክፍሉን ልጠርግ ስገባ ሰው የለም፣ ማሽኑ ግን ታ ታ ታ ታ እያለ ይጽፋል። ወረቀቱ እስከ በሩ ፈሷል። ርኩስ መንፈስ የገባበት መሰለኝ እኮ! ጨርቁን ብድግ ሳደርገው ቀጥ አለ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ወረቀቱን ቀድጄ በጋቢዬ ያዝኩና ወጣሁ።»

«ጨርቁ ተሸፍኖ ነበር?»

«ተሸፍኖ ነበር እንጂ።»

«እኔ እኮ ሳልሸፍን ነው የሮጥኩት።»

«ተሸፍኖ ነበር እልሻለሁ። እንደ ወታደር አልጋ አራት ማዕዘኑ ጥብቅ ብሎ።»

ከበስተኋላዋ የሰማችው ማጉረምረም አሁን ገባት። ጓድ ለገሠ የተቆጣው በመዘግየቷ ሳይሆን ሳትሸፍን በመነሣቷ ነበር።

«እኔ እርስዎን ነበር የጠረጠርኩ» አለች ጽጌሬዳ።

«እኔም አንቺን» አሉ ሽማግሌው። «ነገሩ ከተሰማ በኋላ፣ ልጆቹን ለማስመለጥ አውቀሽ ያደረግሽው መሰለኝ። ቶሎ ገበያ ያወጣሁት ላንቺም ብዬ ነው። በልቤ መርቄሽ ነበር እኮ። አሁን ምርቃቱን ለማን ላዙረው?»

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጽጌሬዳ ጓድ ለገሠን ከቢሮው ጠርታ ወደ ሳጥኑ ክፍል ወሰደችው። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ እንኳ ተቆልፏል፤ እንግዶቹን ሊቀበል ተዘጋጅቷል።

«ወረቀቱን አገኘሽ?»

«መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይዎት ጓድ።» ቁጭ ብላ ጻፈች፦ ኤክስ፣ አንድ፣ ኮማ፣ ሰባት። ሰባት ባዶ ክፍል ነው። መላኪያውን ተወችው። ዳንቴሉን አንሥታ ከላይ ጣል አደረገችው፤ ዶቃዎቹ ከመጻፊያው ዳር ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ሳጥኑ ዝም አለ። «እኔ የምሸፍነው እንዲህ ነው።»

«ታዲያ?»

መልሳ ገለጠችው። «እስቲ እርስዎ ይሸፍኑት።»

«ቀልድ ይዘሻል?»

«እንደ ሁልጊዜው አድርገው ይሸፍኑት ጓድ። እንደ ማክሰኞው።»

ጓድ ለገሠ እሷን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ማሳየት የሚወድ ሰው ነውና ዳንቴሉን ተቀብሎ ዘረጋው። ዳርና ዳሩን ወደ ራሱ ሳበ፣ ሽብሽቡን በመዳፉ አስተኛ፣ ማዕዘኖቹን ከመጻፊያው ሥር ወሸቀ። ሲጨርስ ሳንቲም ቢጥሉበት የሚነጥር ይመስል ነበር። በስተቀኝ ዳር ያለው ዶቃ ሰፊው ቁልፍ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ።

ማተሚያው ነቃ። ትእዛዙን አተመ። ኦኬ። ከዚያ ጥያቄ ምልክት። ጥያቄ ምልክት። ጥያቄ ምልክት። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ወረደና ጓድ ለገሠ በብሩሽ ያሳመረው ጫማ ላይ ተከመረ። እጁን አንሥቶ ጨርቁን ሊገልጠው አልቻለም። ጽጌሬዳ ገለጠችው። ማተሚያው ቆመ።

ከገበያ ያመጣቻቸውን ሁለት ቁራጮች ከአዲሱ ጎን አኖረቻቸው። ግድግዳው ላይ የራሱ ጽሑፍ አለ፤ «ከመሣሪያ ሲነሡ ይሸፍኑ»።

«ማን አየ ይህን?» አለ።

«ማንም።»

«ትእዛዙ ያለበት የመጀመሪያውስ ቁራጭ?»

«አለ።»

«አምጪው።»

«እዚህ አይደለም ጓድ። ገበያ ነው።»

በሩ ላይ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። በጓድ ለገሠ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። እሷ ሁለት ቀን ሙሉ ሰውን ያየችበት ዓይነት ዓይን አሁን እሱ ላይ አየችው፤ ያ ዓይን የሚያየው ደግሞ እሷን ነው። ከፍርሃቷ ላይ ሌላ ፍርሃት ተጨመረባት።

«ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሲመለስ ማሽኑ ራሱን ስቶ የማይሆን አገናኘ። ወረቀቱንም በላው። ጠፍቶ ነበር ወይስ አልጠፋም?»

በሐረር መብራት የጠፋበትንና ያልጠፋበትን ቀን ለይቶ የሚያስታውስ ሰው የለም። ጽጌሬዳ በመስኮት ወደ ሐኪም ጋራ አየች። ጋሽ እንደሻውን አሰበች።

«ጠፍቶ ነበር» አለች።

የደኅንነት ሰዎቹ የመብራቱን ነገር መዝግበው ከሰዓት በፊት ሄዱ። በማግሥቱ ከየግድግዳው ላይ ማስታወቂያው ተነሣ፤ ማን እንዳነሣው የጠየቀ የለም። ጽጌሬዳ ዳንቴሉን ቤቷ ወስዳ ዶቃዎቹን በመቀስ ቆረጠችና ራዲዮዋን አለበሰችው። ጓድ ለገሠ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ቀድሞ ሰላም ይላታል፤ እሷም በየጠዋቱ ዛሬ ለምን ቀድሞ ሰላም አለኝ እያለች ትገባለች። ትእዛዝ አስቀድሞ መጻፍም ተወች። ኃላፊዎቹ «ዘገየሽ» ይሏታል፤ ትዘገያለች።

እንዲህ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በ1983 ክረምት ላይ ማሠልጠኛው ተዘግቶ፣ ሳጥኑ ተሸፍኖ ይሁን ሳይሸፈን ማንም በማያውቅበት ጊዜ፣ ጽጌሬዳ ጊደር መጋላ ወረደች። በፋጡማ ጎን አንድ ጢማም ሰውዬ ማዳበሪያ ያስተካክላል። ከሶፊ ገጠር፣ ከጫት ማሳ መካከል የተመለሰው አደም ነበር።

ፋጡማ ከማዳበሪያዎቹ በስተጀርባ እጇን ሰድዳ አንዲት ቢጫ ያለች ቁራጭ ወረቀት አወጣች። ቀረፋ መዘነችባትና ጠቀለለችው።

«ያን ጊዜ አይደለሁም አልሽኝ» አለች ጥቅሉን ይዛ። «አሁን የሚሰማሽ የለም። አንቺ ነበርሽ?»

ጽጌሬዳ ጣቶቿን አየች።

«ግማሹን» አለች። «ጽፌ ነበር። አልላክሁትም።»

«አልሐምዱሊላህ!» ፋጡማ ሳቀች። «እንግዲያው የግማሹን ክፈዪኝ።»